የደብረ ብርሃን ግቢ ተከላ፦ ከግንቦት እስከ ነሐሴ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 6

ቦታው ደብረ ብርሃን ከተማ ጠርዝ ላይ ያለ የመኖሪያ ግቢ ነው። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 25 ሜትር፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ 20 ሜትር ነው። ቤቱ ወደ ሰሜን ተጠግቶ 140 ካሬ ያህል ይዟል፤ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ መንገዱ ነው። መሬቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ በውሃ ልክ ሲለካ ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው 70 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በምዕራብ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። በምሥራቅ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው የድንጋይ ካብ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ገላጣ ሜዳ ነው።

የግቢው ባለቤቶች የፈለጉት ከመንገድ የሚከልል ዛፍ፣ ነፋስ የሚሰብር አጥር፣ ልጆች የሚቦርቁበት ሣርና ከአበባ የማይራቆት ደጃፍ ነው። በስም የጠሩት ደግሞ በሩ ላይ ቡገንቪላ፣ መሐል ላይ ጃካራንዳ ነው። ሁለቱም እዚህ አይተከሉም።

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ክረምቱ ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ይጠነክራል፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ይወጣል። ሰማዩ ከጠራ በኋላ ውርጭ ይከተላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያነጋባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ያምራል። የወይና ደጋውም የደጋውም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ የሚለዩት ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ለዚህ ግቢ የሚታጭ ተክል በሁለት ጥያቄ ያልፋል፦ በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ውሃ ሲይዘው ይችላል ወይ? በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይችላል ወይ? መልኩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ግንቦት 9

አፈሩን ለማወቅ በአራቱ ማዕዘንና በመሐል 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፈረ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጊዜ በውሃ ተሞልቶ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ከዚያ ሁለተኛ ይሞላል፣ ሰዓት የሚያዘውም በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ውሃ የበጋውን ስንጥቅ ስለሚሞላ አሳሳች ነው፤ መረሬ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ የመጀመሪያውን ባልዲ በደቂቃ ይውጠዋል፣ ጠግቦ ካበጠ በኋላ ግን ጠብታ አያሳልፍም።

የምዕራቡ ጉድጓድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ባዶ ሆነ። ቡናማ፣ ጠጠር የበዛበት አፈር ነው። መሐሉ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። የታችኛው የምሥራቅ ጥግ ግን በነጋታው ጠዋትም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይዞ ነበር፤ ጥቁር መረሬ ነው፣ በእጅ ሲድቦለቦል እንደ ሊጥ ይጠቀለላል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አፈር አለ ማለት ነው፤ የችግኝ ዝርዝሩም ሁለት ይሆናል።

መረሬ ላይ ዛፍ ሲተከል በብዛት የሚደረገው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በአሸዋና በብስባሽ መሙላት ነው። ይህ ችግኙን ይገድለዋል። ዙሪያው ጭቃ ሆኖ መሐሉ ብቻ የላላ ጉድጓድ የግቢውን ጎርፍ እየሳበ ገንዳ ይሆናል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የራሱ ብልሃት አለው፤ የሞረትና ጅሩ ገበሬዎች እነዋሪ አካባቢ መረሬውን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራሉ፣ ስንዴውና ምስሩ ከውሃ በላይ ይቀመጣል። ለአጥር ተክልም ያው ይሠራል።

ግንቦት 12

የውርጭ ካርታ ተነሣ። በግንቦት ውርጭ የለም፣ ፈለጉ ግን አለ። ባለፈው ኅዳር የተመታ ቁጥቋጦ ጫፉ ደርቆ ከመሐል እንደገና አቆጥቁጦ ይታያል፤ የደረቀው ክፍል ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደሚያበቃ ሲለካ ቀዝቃዛው አየር የት ድረስ እንደሚተኛ ያሳያል። እዚህ የታችኛው ጥግ ላይ ያለው፣ የቀድሞው ተከራይ የተከለው ጀራኒየም እስከ ግንዱ ሥር ተቃጥሎ ያቆጠቆጠ ነው፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ በጣራው ክፈፍ የተጠለለው ደግሞ አንድ ቅጠል አልተነካም። በመካከላቸው ያለው ርቀት 12 ሜትር ነው።

ነፋስ በሌለበት በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከብዶ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። የምሥራቁ ካብ ይህን አየር ገድቦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በካቡ ግርጌ በየ3 ሜትሩ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ እንዲከፈት ተወሰነ፤ የክረምቱ ጎርፍም የኅዳሩ ብርድም በዚያው ይወጣል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው በዓይን ልክ ሰቅሎ ማንበብ የለበትም። በአንድ ሜትር ተኩል ላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ ሣሩ ላይ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ የችግኝ ቁመት ደግሞ ያው የሣሩ ቁመት ነው።

ግንቦት 17

ምርጫው ተጠናቀቀ። ረጅሙ ሥራ ይህ ነው።

በመንገዱ በኩል ሦስት የአበሻ ጥድ፣ በመካከላቸው 3 ሜትር፣ ከአጥሩም 3 ሜትር ርቀት። ጥድ ሲጀምር ዘገምተኛ ነው፣ ውርጭን ግን ከዚህ ሁሉ ዛፍ በላይ ይችላል፣ ድርቅንም እንዲሁ። የማይችለው የቆመ ውሃ ነው፤ የደቡቡ አጥር ታችኛ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ሦስተኛው ስለዚህ በጉብታ ላይ ይቀመጣል። ፈጥኖ የሚያድገውን የፈረንጅ ጥድ ትተነዋል። የጥድ ቅማል ይይዘዋል፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ በኩል ወደ ውጭ እየጠቆረ ይሄድና አጥሩ ሁሉ በአንድ በጋ ቡናማ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ወይራ ከቤቱ 5 ሜትር ርቀት በደቡብ ምዕራብ በኩል። ወይራ ጊዜ ይወስዳል፤ ለልጅ ልጅ የሚተከል ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን ቅጠሉ አይረግፍም፣ ሥሩ ግድግዳ አያስቸግርም፣ በጠጠራማው አፈር ደስ ብሎት ይኖራል።

በጃካራንዳው ቦታ አንድ ኮሶ። እዚህ ላይ ከባለቤቶቹ ጋር ብዙ ተነጋገርን፤ ኮሶ መድኃኒት እንጂ የጌጥ ዛፍ ሆኖ አይታሰብም። ሰፊ፣ ከሥሩ ብርማ የሆነ ቅጠል አለው፤ አበባው በረጅም ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ የሴቴዋ ወደ ቀይ፣ የወንዴው ወደ ነጭ ብርቱካናማ ይሄዳል። ወንዴውና ሴቴዋ የተለያየ ዛፍ ስለሆኑ ከችግኝ መለየት አይቻልም፤ ቀዩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አውቆ ይትከል። የቦታው ከፍታም ልኩ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅርንጫፉ ስብር ስለሆነ ከቤቱ 6 ሜትር ይርቃል። ችግኝ እያለ ደግሞ ውርጭና ነፋስ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በስተምሥራቁ፣ 1 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ሦስት ትሪሉሰርን በቅስት ይተከላሉ። ትሪሉሰርን በአንድ ዓመት ከሰው ቁመት ይጠጋል፣ ውርጭ ይችላል፣ ለኮሶው መከታ ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ተቆርጦ ለበግ መኖ ይሆናል።

ዝግባስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ደብረ ሲና አጠገብ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ዝግባ አለና። እዚያ ግን ችግኙ የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከውርጭ ተከልሎ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የዝግባ ችግኝ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ዋንዛና ብሳና የወይና ደጋ ናቸው። ግራቪሊያ ችግኝ ጣቢያ ሁሉ ይሸጠዋል፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ለጋው ጫፍ በየዓመቱ ይቃጠላል። ቀርቀሃ ብርዱን ይወዳል፣ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ጎንና ጎን ይስፋፋል፤ ለ500 ካሬ አይሆንም።

የምሥራቁ አጥር 20 ሜትር ነው፤ በሜትር አንድ፣ 20 ችግኝ። 8 አንፋር፣ 6 አመጃ፣ 6 ቀጋ ተደባልቀው። አንድ ዓይነት ብቻ ከተተከለ አንድ ተባይ ወይም አንድ ክፉ ሌሊት አጥሩን በሙሉ ያፈርሰዋል። አንፋር ብርቱካናማ አበባው ንብ ይጠራል፣ ካበበ በኋላ አጥብቆ ቢቆረጥ ይወፍራል። አመጃ ቢጫ ነው፣ የጓሳና የጣርማ በር ብርድ የለመደ ቁጥቋጦ ነው። ቀጋ ነጭ አበባ፣ የሚበላ ፍሬና ፍየል የማይደፍረው እሾህ አለው፤ እሾሁ ስላለ ወደ ካቡ በኩል፣ ከልጆች ርቆ ይሁን። እንዲህ ያለ አጥር ከግንብ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ግንብ የገጨው ነፋስ ዘሎ ከወዲያ ማዶ እየተገለባበጠ ይወርዳል፤ ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚይዝ ቁጥቋጦ ግን ያደክመዋል፣ የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀትም ይከልላል።

ሰንሰል በሌላ ቦታ ጥሩ አጥር ነው፤ እዚህ ውርጩ ያጠቁረዋል፣ ተወ።

በባሕር ዛፉ በኩል ጥም የሚችል ብቻ፦ ክትክታ፣ የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲ፣ እሬት። እሬቱ የአካባቢው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና ከዚሁ ከደብረ ብርሃን የተወሰደ ነው፣ በገላጣውም ሣር መሬት ውርጩን ችሎ ይኖራል። ከውጭ የሚመጡት ወፍራም ቅጠል እሬቶች ግን ውሃ የሞላው ቅጠላቸው በረዶ ሲይዘው ይፈነዳል። በድንጋዮቹ መካከል ጦስኝ። ጌሾ ስድስት ግንድ ከቤቱ ኋላ፣ የእጅ ውሃ በሚደርስበት፣ በየ1 ሜትር ተኩሉ፤ የሚያብረቀርቅ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠወልግ ጌጥም ጠላም ነው።

ከፊት ግድግዳው ሥር፣ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይዞ በሚያድርበት 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መደብ፣ ጀራኒየም፣ ጽጌረዳና ጤና አዳም። ብርድ የሚፈሩ ነገሮች ቦታቸው እዚህ ብቻ ነው። ዳማ ከሴም ለቤት አስፈላጊ ስለሆነ አንድ ግንድ ከጭስ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይተከላል። ለታችኛው ጥግ፣ ውሃ ለሚቆምበት፣ ነጭ ካላ።

ግንቦት 22

ጉድጓድ ቁፋሮ። ለላይኛው አፈር 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር፤ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይከመራል። ጉድጓዱ አንድ ወር ያህል ፀሐይና የመጀመሪያውን ካፊያ ይጠጣ። ጎኑ በአካፋ ተልጎ እንደ ምጣድ ለስልሶ ከቀረ ሥሩ ስለማይበሳው በዶማ ጫፍ ይጫር።

የምሥራቁ አጥር መደብ 1 ሜትር ስፋት፣ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ። ስሌቱ 20 × 1 × 0.35 ነው፤ 7 ሜትር ኩብ። ግራና ቀኙ ላይ 40 ስፋት 30 ጥልቀት ያለው ቦይ ሲወጣ ከሁለቱም 4.8 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ ተቆፍሮ ሲላላ ወደ 6 ይጠጋል። የቀረው 1 ሜትር ኩብ ብስባሽ ነው፣ በ50 ኪሎ ጆንያ 14 ያህል። የቦዩ ወለል በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ካቡ ቀዳዳዎች ይወርዳል፤ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ደለል ይተኛበታል።

ግንቦት 28

ማዳበሪያ። ደብረ ብርሃን ላይ የከብት እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ለአትክልት የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚገኘው በጠጥ ነው፤ የበግ አገር ነውና በየጉሮኖው ተከምሮ ይገኛል። ትኩስ በጠጥ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ፣ ረጥቦ፣ ተገልብጦ የበሰለውን መውሰድ ያስፈልጋል። የበሰለውን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ፍሬ ፍሬው በጣት ሲጫን ይፈርሳል፣ ሽታው የሽንት ሳይሆን የአፈር ነው፣ እጅ ሲገባበት አይሞቅም። ለአንድ ዛፍ ጉድጓድ 10 ሊትር ያህል፣ አንድ ባልዲ፣ ከላይኛው አፈር ጋር ተደባልቆ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ችግኙ ለስላሳ ቡቃያ ያወጣል፣ ለስላሳ ቡቃያ ደግሞ የውርጭ መጀመሪያ ምግብ ነው።

ሰኔ 3

ችግኝ መረጣ። ረጅሙ ችግኝ ጥሩ ችግኝ አይደለም። ከጥላ ሥር ተሻምቶ የረዘመ፣ ግንዱ የቀጠነ ችግኝ ነፋስ ያጋድመዋል። የተወሰዱት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው፣ ግንዳቸው ከአፈሩ አጠገብ እርሳስ የሚያህል፣ ፕላስቲክ ከረጢቱ በመሬት ሥር ያልሰደደ ናቸው። ከረጢቱ ሲነሣ ከታች ተቀድዶ ወፍራም ሥር መሬት ውስጥ ከቀረ ችግኙ ዋና ሥሩን አጥቷል፤ ይተው።

ሻጩን አስፈቅዶ አንዱን ከረጢት በምላጭ ሰንጥቆ ማየት ያስፈልጋል። የዚህን ጊዜ አንድ የወይራ ረድፍ ተከፍቶ ሲታይ ሥሩ ከከረጢቱ ታች ሁለት ዙር ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ጠንክሮ ነበር፤ ከላይ ግን ቅጠሉ ወለል ያለ ነው። እንዲህ ያለው ተተክሎ ሁለት ዓመት ያምራል፣ ከዚያ ራሱን አንቆ መድረቅ ይጀምራል። ከዚያ ረድፍ አልተወሰደም። በሌላው ረድፍ ያለው የሥሩ ጫፍ ነጭና ለጋ፣ ወደ ታች የሚሄድ ነበር።

ጥድ ሲገዛ በእጅ መዳሰስ ነው። የአበሻ ጥድ ችግኝ ለጋ ቅጠሉ መርፌ መስሎ ይወጋል፤ የፈረንጅ ጥድ ለስላሳ ነው። በየጣቢያው ሁለቱም «ጥድ» ተብለው ነው የሚሸጡት።

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ችግኝ ደርሶ መትከል አይገባም፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለት ሦስት ሳምንት በግቢው ውስጥ፣ መጀመሪያ ከፊል ጥላ ከዚያ ገላጣ ላይ፣ ውሃው እየተቀነሰ ይሰንብት።

ጦስኝና ጓሳ የተለየ ቃል ይገባቸዋል። ጦስኝ ከተራራው እየተነቀለ ስለሚሸጥ እየሳሳ ነው። ለተከላ ከሥሩ መንቀል አያስፈልግም፤ መሬት የነካ ዘንግ በየአንጓው ሥር ያወጣል፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ቆርጦ መትከል ነው። ጓሳም ለመንገዱ ዳር አምሮ የሚቆም ሣር ነው። የመንዝ ጓሳ ግን ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ነው፣ አጨዳውም በፈቃድና በወቅት ነው። ከዚያ ተነቅሎ የሚመጣ አንቀበልም፤ በግል ማሳው ዳር የተከለ ገበሬ ሲገኝ አንዱን ቁጥቋጦ ለአራት ለአምስት ከፍሎ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይተከላል።

ሰኔ 9

የባሕር ዛፉ ሥር። ከግንዶቹ 3 ሜትር ርቆ፣ በእኛ በኩል፣ 40 ስፋት 80 ጥልቀት ያለው ቦይ ወጥቶ ሥሩ ተቆረጠ። ከ3 ሜትር መቅረብ አደገኛ ነው፤ በአንድ ወገን ሥሩ የተቆረጠ ረጅም ዛፍ ነፋስ ሊጥለው ይችላል። አፈሩ ተመልሶ ይገባል፤ በሁለት በሦስት ዓመት እንደገና መቆረጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ የባሕር ዛፉ ሥር ለችግኙ የተሰጠውን ውሃና በጠጥ ፈልጎ ይመጣል፣ ክትክታውም ቢሆን አያሸንፈውም።

ሰኔ 13

ሰኔ ሚካኤል ዘነበ፤ ኃይለኛ ነበር፣ ሁሉም ሰው ዶማ አነሣ። እኛ አልተከልንም። አፈሩ ሲቆፈር እርጥበቱ የደረሰው 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር፣ ከዚያ በታች ዱቄት ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ መሆኑ የተለመደ ነው። የተተከለው ችግኝ ታችኛው ደረቅ አፈር እርጥበቱን እየመጠጠበት ይጠወልጋል። ልኩ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እርጥበቱ እዚያ ሲደርስ ይተከላል።

ሰኔ 25

ደረሰ። ዛፎቹ ከሰዓት በኋላ፣ ደመና ባለበት ተተከሉ። አካሄዱ እንዲህ ነው። ችግኙ ከሁለት ሰዓት በፊት ውሃ ይጠጣል፣ አፈሩ እንዳይበተን። ከረጢቱ ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ከነአፈሩ ይቆረጣል፤ የተጠመጠመ ሥር ካለ በዚያው ይሄዳል። ከዚያ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲኩም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ታችኛውን ብቻ ቆርጦ ፕላስቲኩን መሬት ውስጥ መተው በዘመቻ ተከላ ላይ ብዙ ይታያል፤ ሥሩ ታስሮ ይቀራል። የችግኙ አንገት፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አፈር ስለሚሰምጥ ሲተከል 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በተረከዝ ሳይሆን በእግር ጣት በኩል፣ በሁለት ጊዜ ይረገጣል። እርጥብ መረሬ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይረገጥም፤ በእጅ ብቻ ይጠጋጋል፣ አለዚያ ጡብ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥድ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ባለው ጉብታ ላይ ተቀመጠ። ጉብታው የራሱ የግቢው አፈር ነው፤ ከሩቅ የመጣ ለም አፈር አልገባበትም።

ሐምሌ 4

አጥሩ ተተከለ። የካቡ ቀዳዳዎች ሥራቸውን ጀምረዋል።

ሐምሌ 8

ሣርና አበባ። ለመሐሉ 90 ካሬ ኪኩዩ ተመረጠ፤ የልጆች እግር የሚችል እሱ ነው። በውርጭ ቡናማ ይሆናል፣ ከሥሩ ግን አይሞትም። ጉዳቱ ወደ አበባ መደብ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ ዳሩ በጥቁር ድንጋይ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ገብቶ ታጥሯል። ቁራጮቹ ሁለት ሦስት አንጓ ይዘው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ በካሬ 25፣ ሁለት ሦስተኛቸው ተቀብሮ።

የአደይ አበባ ዘር በምዕራቡ አጥር ሥርና በጥዶቹ መካከል ተበተነ። ዘሩ ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ የተሰበሰበ ነው። አይቀበርም፤ መሬቱ በመንሽ ተጭሮ፣ ዘሩ ከላይ ተበትኖ፣ በመጥረጊያ ቀስ ተደርጎ ይነካል። ለመስከረም ለማድረስ ሐምሌ መጀመሪያ የመጨረሻው ነው። ከችግኝ ጋር የማይሻማ አበባ ስለሆነ ባዶውን መሬት አደራ የሚሰጡት ለእሱ ነው።

ሐምሌ 21

ፍተሻ። በረዶ ጥሎ የካላውን ቅጠል በሳስቶታል፤ ጉዳት የለውም፣ አዲስ ያወጣል። ጽጌረዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታይቷል። ዝናቡ ቅጠሉ እንዲደርቅ ጊዜ ስለማይሰጥ የሚመጣ ሻጋታ ነው፤ የተያዘው ቅጠል ተለቅሞ ከግቢ ወጣ፣ መሐሉም አየር እንዲያገኝ ሦስት ቀንበጥ ተቆረጠ። የወደቀ ቅጠል ሥሩ ላይ ከቀረ የዝናብ ፍንጣቂ መልሶ ያነሣዋል።

ሦስተኛው ጥድ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ጉብታው በአንድ ወገን ሰምጦ አንገቱ ዙሪያ ሰሐን የሚያህል ኩሬ ሠርቷል። ችግኙ ከነአፈሩ በአካፋ ተነሥቶ ሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ተሞላ፣ ከላይም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተስተካከለ። ቢጫ ቅጠል ሲታይ ዩሪያ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ግን ጣት ወደ መሬት ይግባ፤ አፈሩ የሚሸት፣ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ የራበው አየር ነው።

የምሥራቁ ቦይ ደለል ሞልቷል፤ ተጠረገ። ይህ በየሁለት ሳምንቱ የሚደገም ሥራ ነው፣ የሚረሳውም እሱ ነው።

ነሐሴ 14

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፤ ዝናቡ ገና ይቀጥላል፣ ለተከላ ግን ዘመኑ አልፏል። ከእንግዲህ የሚተከል ችግኝ ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ሥር አይሰድም። ዩሪያም በጠጥም ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። ተክሉ ቡቃያውን አጠንክሮ መስከረምን እንዲጨርስ ነው የሚፈለገው።

ለጥቅምት የሚዘጋጀው ዕቃ ተቆጥሮ ተቀምጧል፦ ለኮሶውና ለዳማ ከሴው ሁለት ሰፋፊ ቅርጫት፣ ለጀራኒየሙ ጆንያ፣ አራት እስር ጭድ። ቅርጫቱ ማታ ይደፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል። ፕላስቲክ ቅጠል ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላል፣ ስለዚህ አይሆንም። ስለ ጭድ ጉዝጓዝ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እርጥበት ይጠብቃል፣ ግን የመሬቱን ሙቀት ከታች አፍኖ ስለሚያስቀር ከላዩ ያለው ቅጠል ይበልጥ ይበርደዋል። ለጥድ፣ ለወይራና ለአመጃ ይቆይ፣ ግንዱን ሳይነካ አንድ ጋት ርቆ። ከኮሶው ሥር ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ይሰብሰብ፣ መሬቱም እኩለ ቀን ላይ ውሃ ይጠጣ፤ እርጥብና ገላጣ መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል።

ዝናቡ ከወጣ በኋላ እስከ በልግ ለአንድ ዛፍ በሳምንት 10 ሊትር፣ በአንድ ጊዜ፤ በየቀኑ አንድ ሊትር ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። ውርጭ ያጠቆረው ጫፍ እስከ የካቲት አይቆረጥ፣ የሞተው ክፍል ከሥሩ ላለው ልብስ ነው። የካላውም ቅጠል በኅዳር ሙሉ በሙሉ ሊተኛ ይችላል፤ ኮረቱ መሬት ውስጥ ደኅና ስለሆነ ሞቷል ተብሎ እንዳይነቀል ቦታው በችካል ምልክት ተደርጎበታል።